ማንጎዬን ማታ ማታ የሚጨርሰው ማን ነው?

የጓሮዋ ልጅ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ነገሩ ከጎረቤት ጋር አኳርፎኛል።

የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ጓሯችን ውስጥ አንድ ትልቅ ማንጎ፣ ሁለት ዘይቱንና አንድ አቮካዶ አለን። ማንጎውን የተከለው አባቴ ነው፣ እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁ ዓመት። አባቴ አሁን በሕይወት የለም። እናቴ በየዓመቱ መጀመሪያ የደረሰውን ፍሬ ራሷ ልጣ ለሁላችንም ታቀምሰናለች። ከዚያ ለአክስቶቼ በዘንቢል ይላካል፣ የተረፈው ይሸጣል። ዘንድሮ እናቴ የቀመሰችው ከገበያ የተገዛ ማንጎ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ፍሬው ቢጫ መምታት ሲጀምር «ነገ ከነገ ወዲያ ይደርሳል» ብለን እንተወዋለን። ጠዋት ስንነሳ የለም። አንዳንዱ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ እንደተንጠለጠለ ሥጋው ተግጦ ዘሩ ብቻ ይታያል። ዘይቱኑማ ጭራሽ ደብዛው ይጠፋል። ማታ ቆጥሬ የተኛሁት ጠዋት የለም።

እኔ የጠረጠርኩት የጎረቤት ልጆችን ነው። ሦስት ወንዶች ናቸው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አጥራችን ላይ ተንጠልጥለው በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት እናታቸውን አነጋገርኳት። አነጋገርኳት ከምል ጮህኩባት ብል ይሻላል። «ልጆቼን ሌባ አልሽብኝ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታም የለን። ቡና አብረን መጠጣት ከጀመርን ስምንት ዓመታችን ነበር።

እናቴ ጦጣ ነው ትላለች። ወንድሜ ደግሞ አይጥ ነው ይላል። አጥሩ ላይ እሾህ ሽቦ እናስዘርጋ የሚልም አለ። ማን እንደሆነ ሳላውቅ ግን ገንዘብ ማውጣት አልፈልግም። የደረሰበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

እህቴ፣ አይዞሽ። በጦጣ ጉዳይ እኔ ብዙ አይቻለሁና ልንገርሽ፣ አንቺው ከራስሽ ግቢ ጋር አስተያዪው።

ጦጣ በቀን የሚሠራ ሌባ ነው። ማታ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይተኛል። እኛ ቤት የሚመጡት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ሰው ገና ፊቱን ሳይታጠብ። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ ዱብ ዱብ ይላል። አንዱ ትልቁ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ሌሎቹ አቮካዶው ላይ ይዘምታሉ። አንድ ተጨማሪ ሰዓት ደግሞ አላቸው፣ ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ግድም፣ ሰው ሥራ ላይ ሲሆን።

በጣም የሚያናድደው አበላላቸው ነው። እስኪበስል አይጠብቁም። ጥሬውን ይቀጥፋል፣ አንድ ጊዜ ይነክሳል፣ ይጥላል፣ ሌላ ይቀጥፋል። ሲሄዱ መሬቱ ጥርስ ባረፈበት ጥሬ አቮካዶ ተሸፍኖ ታገኚዋለሽ። ቅርንጫፍም ይሰብራሉ። ስለዚህ ከዛፉ ሥር አንድ አንድ ጊዜ የተነከሰ ጥሬ ፍሬ ካላየሽ፣ የተሰበረ ጭራሮም ከሌለ፣ ጦጣውን ለጊዜው ተይው።

ጉሬዛ ደግሞ በከንቱ ነው ስሙ የሚጠፋው። ያ ረጅም ነጭ ጭራ ያለው፣ ጥቁርና ነጩ። ዋና ምግቡ ቅጠል ነው። አልፎ አልፎ ፍሬ ይቀምሳል፣ ግን የእኔን ዛፍ ያራቆተው እሱ አይደለም። ሁለቱን የማይለዩ ሰዎች ድንጋይ ሲወረውሩበት ሳይ ያናድደኛል።

እኛ ዘንድ ችግሩን ያባባሰው ሰው ነው። ሐይቁ ዳር የሚዝናናው ሁሉ ሙዝና ዳቦ እየሰጠ አለማመዳቸው። የለመደ ጦጣ ሰው አይፈራም፣ ከእጅ ይነጥቃል። ጎረቤታችን ያለች ትንሽ ልጅ ሙዝ ይዛ ቆማ እጇን ነክሷታል። እግረ መንገዴን ለሁሉም ልናገር፦ ጦጣም ይሁን ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነገ ተነገ ወዲያ የሚባል ነገር አይደለም። ልጅቷ ክትባቱን ጨርሳ አሁን ደህና ናት።

እኔን የጠቀመኝ ሁለት ነገር ነው። ቆርቆሮው ላይ የተኛውን ቅርንጫፍ ቆረጥኩት፣ መንገዳቸው እሱ ነበር። የምግብ ትርፍራፊም ውጭ ማስቀመጥ አቆምን። ውሻም አለን፣ እሱ ሲኖር ይቀንሳሉ፣ ሲታሰር ግን ያውቃሉ።

ብርቱካን ተካይ (አዲስ አበባ)

ከመገመት በፊት ጥቂት ጥያቄ። የሚጠፋው ማታ ብቻ ነው ወይስ ቀንም? የበሰለው ብቻ ነው ወይስ ጥሬውም? ቅሪቱ የት ነው የሚወድቀው፣ ከማንጎው ሥር ወይስ ራቅ ብሎ? ግድግዳ ላይ ወይም የተሰጣ ልብስ ላይ ነጠብጣብ አለ?

እኔ ሲኤምሲ አካባቢ ኮክና ፕሪም አለኝ፣ የእኔ ሌባ ወፍ ናት። አመድማ፣ ጭራዋ ከሰውነቷ የሚረዝም፣ በመንጋ የምትመጣና ቅርንጫፍ ላይ እንደ አይጥ የምትሹለከለክ። ፍሬውን ከነልጣጩ ወግታ ወግታ ጉድጓድ አበጅታ ትተዋለች፣ ከዚያ ንብና ጉንዳን ይገባበታል። ወፍ ከሆነ የምንቁር ጉድጓድ ታያለሽ። አይጥ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆኖ የተፋቀ የጥርስ መስመር አለ፣ እንደ ትንሽ መሮ። እስኪ ጠዋት ጠጋ ብለሽ እይው።

የጓሮዋ ልጅ

በጣም አመሰግናለሁ። ጥያቄዎቹን ይዤ ጠዋት ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ ከማንጎው ሥር ብቻ ነበር የማየው።

ጥሬው አልተነካም። የተበላው ቢጫ የመታው ብቻ ነው። ከማንጎው ሥር ብዙ ነገር የለም። አጥሩ ጥግ ካለው ዋንዛ ሥር ግን መሬቱ ሌላ ነው። ቢጫ፣ የታኘከ ነገር ተበትኗል። ሸንኮራ አኝከን የምንተፋውን ታውቁት የለ? ልክ እንደሱ ነው፣ ጭማቂው ተመጦ ጭረቱ ብቻ ተጠፍጥፎ ደርቋል። አንዱን አንስቼ በጣቴ ስፈረፍረው የማንጎ ጭረት ነው። የዘይቱን ፍሬም አለ፣ ልጣጩ ላይ ቀጭን የጥርስ ምልክት ያለበት። ከዋንዛው አጠገብ ያለው ነጩ ግድግዳችን ላይ ደግሞ ከላይ ወደ ታች የወረደ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። እስከ ዛሬ የዝናብ ቆሻሻ ይመስለኝ ነበር።

ትናንት ማታ ደግሞ ከእናቴ ጋር በረንዳው ላይ ቆየን። ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነጠላ ሲራገፍ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። አንዴ፣ ከዚያ ደጋግሞ። ባትሪ ስናበራ ዋንዛው ላይ ሁለት ዓይን አበራ። እናቴ አማተበች። ከዚያ ተነስቶ በረረ።

ችግኝ አፍይ (የግብርና ባለሙያ፣ ባሕር ዳር ዙሪያ)

እህቴ፣ መልሱን አንቺው አግኝተሽዋል። የሌሊት ወፍ ነው። ልጆቹ ነጻ ናቸው፣ ጦጣውም ነጻ ነው።

ቆርቆሮ ሥር የምናያት ትንሿ የሌሊት ወፍ ነፍሳት ነው የምትበላው፣ ትንኝና የእሳት እራት። ይሄኛው ግን ፍራፍሬ በሉ ነው፣ ተለቅ ያለ፣ ፊቱ ውሻ የሚመስል፣ ዓይኑ ትልልቅ። ፍሬውን የሚያገኘው በዓይኑና በአፍንጫው ነው። ለዚህ ነው ጥሬውን የማይነካው፣ መዓዛው ሲወጣ ነው የሚመጣው። ትልቁን ማንጎ መሸከም አይችልም፣ እዚያው ተንጠልጥሎ ይግጠዋል ወይም ገምሶ ይወስዳል። ዘይቱንን ግን በአፉ ይዞ ይሄዳል፣ ራቅ ብሎ ጨለማ ያለው ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይበላል። ያንቺ ዋንዛ ማዕዱ ናት። አኝኮ ጭማቂውን ይውጥና ጭረቱን ይተፋዋል። ከዛፉ ሥር ቅሪት ስለማይገኝ ሰው ሁሌ ሰውን ይጠረጥራል። እኔ በዚህ ሥራ ላይ እያለሁ በአንድ ዘይቱን ምክንያት ሁለት ቤተሰብ ሽማግሌ ሲቀመጥላቸው አይቻለሁ።

አሁን ወደ መፍትሔው ልምጣ። ትልቁ መፍትሔ አጥርም ውሻም አይደለም፣ የመልቀሚያ ቀን ነው። ማንጎ ዛፍ ላይ እንዲበስል መጠበቅ አያስፈልገውም። ከደረሰ፣ ማለትም ካደገና ከጠገበ፣ ለቅመሽው ቤት ውስጥ ይበስላል። የሌሊት ወፉ የሚጠብቀው መዓዛ ሳይወጣ አንቺ ቀድመሽ አነሳሽው ማለት ነው።

መድረሱን እንዴት ታውቂያለሽ? ትከሻውን እዪው። ያልደረሰ ማንጎ ከእንጨቱ ወደ ታች ሾጠጥ ያለ ነው። የደረሰው ትከሻው ሞልቶ እንጨቱ ከተጣበቀበት ቦታ ከፍ ይላል፣ ጉንጩም ይሞላል። ከጠረጠርሽ አንዱን ቁረጪው፣ ዘሩ አጠገብ ያለው ሥጋ ነጭ ከሆነ ገና ነው፣ ቢጫ መምታት ከጀመረ ጊዜው ነው። ቀድመሽ ከቸኮልሽ ግን ይጨማደድና ጎምዛዛ ሆኖ ይቀራል፣ ይሄን ተጠንቀቂ።

ስትለቅሚ ዛፉን አታራግፊ። የወደቀ ማንጎ በማግሥቱ ይጠቁራል። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ መንጠቆ አድርጊ፣ ከሥሩ ከረጢት እሰሪ። ከፍሬው ጋር ትንሽ እንጨት ይቅር፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል። ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ ልጣጩን ያቃጥላል፣ እጅንም ያሳክካል። ከዚያ ሳጥን ወይ ቅርጫት ውስጥ ጭድ አድርገሽ ደርድሪው፣ መሐሉ አንድ ሁለት የበሰለ ሙዝ ጣል አድርጊ። የበሰለ ሙዝ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ እሱ ሌላውን ያበስላል። ጥቂት ቀን ነው የሚፈጀው፣ ግን በየቀኑ እያየሽ የበሰበሰውን ማውጣት ነው።

አቮካዶማ ጭራሽ ዛፍ ላይ አይለሰልስም። ከዛፍ ሲወርድ ነው መብሰል የሚጀምረው። ልጣጩ አንጸባራቂነቱን ሲያጣ አንዱን ለቅመሽ ቤት አስቀምጪ። ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ሌላውም ደርሷል። ብርቱካንና ሎሚ ግን በዚህ መንገድ አይሆኑም፣ እነሱ ከተለቀሙ በኋላ አይጣፍጡም፣ ዛፉ ላይ መብሰል አለባቸው።

ለዘይቱኑ ከረጢት ስፊለት። ያረጀ ነጠላ ቤት ውስጥ አይጠፋም። መዳፍ የሚያህል ኪስ እየሰፋሽ፣ ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ አልብሰሽ እንጨቱ ላይ እሰሪው። ፌስታል አይሆንም፣ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ከረጢቱ ሌላ ጥቅምም አለው፣ የፍራፍሬ ዝንብን ይከላከላል። ዘይቱን ስትከፍቺ ነጭ ትል የምታገኚው ከዚያች ዝንብ ነው። አንዷ ክፉ ዓይነት ከእስያ የመጣች ናት፣ አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው ኬንያ ነው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003፣ ከዚያ ወደኛም ገባች። ትል ያለበትን የወደቀ ፍሬ ዛፍ ሥር አትተዪ፣ ትሉ አፈር ውስጥ ገብቶ መልሶ ዝንብ ይሆናል። በደንብ በታሰረ ጥቁር ፌስታል አድርገሽ ፀሐይ ላይ አውዪው።

እግረ መንገድሽን የማንጎውን ቅጠልም አገላብጠሽ እዪ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ የማንጎ ነጭ ተባይ ነው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በ2002 ዓ.ም. ምሥራቅ ወለጋ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ደርሷል። ፍሬውን ያበላሻል፣ ዛፉን ያደክማል። ካየሽ በአቅራቢያሽ ያለ የግብርና ባለሙያ ጥሪ። ጊዜ ሳይሰጡት ነው።

በመጨረሻ አንድ ልመና። ዋንዛዋን አትቁረጧት። የሌሊት ወፉን በጭስም በድንጋይም አታሳድዱት። የሾላና የዋርካ ዘር ከቦታ ቦታ የሚያደርሰው እሱ ነው፣ ሌሊት የሚፈኩ አበቦችንም ያዳቅላል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወሊድ አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚወልደው፣ አንዴ ከጠፋ ቶሎ አይተካም። ዋንዛው ሥር የውሃ በርሜል ካላችሁ ክደኑት። እሱ የነከሰውን ፍሬ አትብሉ፣ የወደቀ የሌሊት ወፍ ካገኛችሁም በባዶ እጅ አትንኩት።

ቆራጡ

ምን ይሄን ያህል ያደክማል? የአይጥ መርዝ የተቀባ ሁለት ሙዝ ዛፉ ላይ ማንጠልጠል ነው። በሳምንት ውስጥ ይገላግልሻል። እኔ ለጦጣም ለሌላውም እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

የድሮ ገበሬ

ልጄ፣ ይሄን ምክር ባትሰጥ ጥሩ ነበር።

ጓሮ ውስጥ ልጅ አለ። ያ ሙዝ ወድቆ ሕፃን ቢያነሳውስ? የዚህች ልጅ ጎረቤት ሦስት ወንዶች አሏት ብላ ጽፋለች፣ አላነበብከውም? መርዝ የበላው እንስሳ ደግሞ እዚያው አይሞትም። ሄዶ ሌላ ግቢ ይወድቃል፣ ውሻ ይበላዋል፣ ጭልፊት ይበላዋል፣ ጥንብ አንሳ ይበላዋል። የገደልከው አንድ ሌባ አይሆንም። ሕግም አለ፣ ሰው እንደፈለገ የዱር እንስሳ እንዲገድል አይፈቅድም።

እኔ ያደግኩት ገጠር ነው፣ ጎጃም። ማሽላ ሲያፈራ ማማ ይሠራልናል። እዚያ ላይ ቁጭ ብለን ከጎሕ እስከ ማታ ወፍና ዝንጀሮ እንጠብቃለን። ወንጭፍ አለን፣ ጅራፍ አለን። ጅራፉን አንዴ ካጮህከው ዝንጀሮው ገደል ይገባል። ወንጭፉም ቢሆን የሚወረወረው ከፊቱ ነው፣ እንዲያመልጥ። አባቴ «አስደንግጠው እንጂ አትግደለው፣ እሱም የተፈጠረው ሊበላ ነው» ይል ነበር። ጠባቂ ሲኖር ይፈራል፣ ጠባቂ ሲጠፋ ይመጣል። ጨርቅ የለበሰ ማስፈራሪያም አቁመን እናውቃለን፣ ግን ቦታውን በየሁለት ቀኑ ካልለወጥከው ዝንጀሮው ያውቅሃል፣ አጠገቡ ተቀምጦ ይበላል።

አንቺ ልጄ ደግሞ ጎረቤትሽ ዘንድ ሂጂ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፣ እነዚያ ልጆች ዳዋ ሆነዋል። ማንጎው በየዓመቱ ያፈራል። የስምንት ዓመት ጎረቤት ግን ከየት ታመጪያለሽ?

ከሜልበርን

እኛ አውስትራሊያ የምንኖረውም ከዚህ ጭንቀት አልተረፍንም። ሜልበርን ነው ያለሁት፣ ጓሮዬ ውስጥ በለስና አፕሪኮት አለኝ። እዚህ ያለው ፍራፍሬ በሉ የሌሊት ወፍ ክንፉ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከተማዋ ውስጥ ያራ ወንዝ ዳር ትልቅ ሠፈር አላቸው፣ ማታ ማታ ሰማዩን ሞልተው ሲወጡ ሰው ቆሞ ያያቸዋል። ሌላው ሌባዬ ፖሰም ነው፣ ድመት የሚያህል፣ ልጁን በኪሱ የሚያሳድግ። ሁለቱም በሕግ የተጠበቁ ናቸው።

ስለ መረብ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አንድ ሰው «መረብ አልብሺው» ማለቱ አይቀርም። እኔም ከአንድ ሱቅ ርካሽ መረብ ገዝቼ በለሱን አለበስኩት። ቀዳዳው ሰፋፊ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቡና ይዤ ስወጣ አንድ የሌሊት ወፍ ተጠላልፎ ተንጠልጥሏል። ክንፉ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ክሩ ገብቶ ቆርጦታል። ዓይኑን ገልጦ ያየኛል። መንካት አይቻልም፣ እዚህ በንክሻና በጭረት ወደ ሰው የሚተላለፍ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር የሚዛመድ ቫይረስ አላቸው። የእንስሳት አድን ሰዎች ጠርቼ ቆርጠው ወሰዱት። ያን ቀን ሥራ ስውል ያ ዓይኑ ከፊቴ አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ ነው ሕጉን ያወቅሁት። ሜልበርን ያለችበት የቪክቶሪያ ግዛት ከመስከረም 2021 ጀምሮ፣ እንደ ፈረንጅ ማለቴ ነው፣ በመኖሪያ ቤት ጓሮ ለፍራፍሬ የሚዘረጋ መረብ ቀዳዳው ተለጥጦ ከ5 በ5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ደንግጓል። መለኪያ አያስፈልግም። ጣትሽን ክተቺበት፣ ካለፈ አይሆንም። ነጭ ቢሆን ይመረጣል፣ ማታ ይታያቸዋል። ወጠር ተደርጎ፣ ግንዱ ላይ ታስሮ፣ መሬት ላይ ሳይዝረከረክ። ያንቺ ማንጎ ግን ትልቅ ስለሆነ መረቡን እርሺው። የባለሙያው ምክር ይሻላል፣ ያ የነጠላ ከረጢት በጣም ጥሩ ነው፣ እኔም ልሞክረው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

አሜሪካ ደግሞ ስኩዊረል ነው ያስለቀሰን፣ ጭራው ጎፈር ያለ፣ ዛፍ ላይ የሚሯሯጥ አይጥ መሰል እንስሳ። ሜሪላንድ ውስጥ ያለኝ አንድ የኮክ ዛፍ ነው፣ አገር ቤት እናቴ ጓሮ የነበረውን እያሰብኩ የተከልኩት። ኮኩ ገና አረንጓዴ ሳለ እያወረዱ ይከፍቱታል፣ የሚፈልጉት ውስጡ ያለውን ፍሬ ነው። የጨርቅ ከረጢት ቢሆን ይቀድዱታል። ግንዱ ላይ ለስላሳ ቆርቆሮ ጠቀለልኩበት፣ ከአጥሩና ከጣሪያው ጋር የሚያገናኘውን ቅርንጫፍ ከሁለት ሜትር በላይ አራቅኩት። በጣም ቀነሰ። የአዋሳው ወንድሜ እንዳለው መንገዳቸውን መቁረጥ ነው።

አንድ ሌላ የሞከርኩት ሚጥሚጣ ነው። በውሃ ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ፣ ትንሽ የሳሙና ውሃ ጨምሬ ጥሬው ፍሬ ላይ ረጨሁት። አጥቢ እንስሳን ያቃጥላል፣ ወፍ ግን የሚጥሚጣ ማቃጠል አይሰማትም፣ ስለዚህ ለወፍ አትሞክሩት። ዝናብ ሲመታው መድገም አለብሽ። ነፋስ ባለበት ቀንም እንዳትረጪ፣ ዓይን ያቃጥላል። ሙሉ በሙሉ አያቆማቸውም፣ ግን የእኔ ስኩዊረሎች ወደ ሌላ ዛፍ አዘንብለዋል። ፍሬውን ከመብላት በፊት ማጠብ እንዳይረሳ።

የሦስት ልጆች እናት (አዳማ)

እኔ በሌላ በኩል ልናገር። የእኛ ሌባ እውነትም ልጆች ነበሩ። ምልክቱ የተለየ ነው። ሰው ሲወስድ ቅሪት አይተውም፣ የሚወስደው ከታች እጅ የሚደርስበትን ወይም ትልልቁን መርጦ ነው፣ ቅጠልም አብሮ ይበጠሳል፣ አጥሩ ሥር ድንጋይ ይገኛል። የእኛ ፓፓያ እንደዚያ ነበር የሚጠፋው።

ተቆጣሁ፣ አልሆነም። አጥር ከፍ አደረግን፣ ዘለሉት። ከዚያ ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ ጠራቸውና «ኑ፣ አብረን እንልቀም» አላቸው። መሰላሉን ያዙ፣ ለቀሙ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይዘው ሄዱ። አሁን የሌላ ሰፈር ልጅ ሲመጣ የሚያባርሩት እነሱ ናቸው። ያንቺም ጎረቤት ልጆች አጥር ላይ የሚንጠለጠሉት ምናልባት ስለሚያምራቸው ይሆናል። ልጅ ማንጎ አይቶ ምን ያድርግ?

የጓሮዋ ልጅ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

የድሮ ገበሬ ያሉትን ለእናቴ ሳነብላት ዝም አለችና ነጠላዋን ለብሳ «ተነሽ» አለችኝ። ጎረቤታችን ዘንድ አብረን ሄድን። ከዋንዛው ሥር የለቀምኩትን የታኘከ ጭረት በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ገና በሩን ስትከፍት ወረቀቱን ዘረጋሁላትና «ይሄ ነው ማንጎዬን የበላው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ወረቀቱንም እኔንም አየች። ከዚያ «መጀመሪያ ግቡ» አለች። ቡናው እስከ ሦስተኛው ቆየን።

ቅዳሜ ዕለት ሦስቱም ልጆች መጡ። ወንድሜ መንጠቆ ያለው እንጨት ሠርቷል፣ ከሥሩ የስንዴ ማዳበሪያ ቆርጦ ሰፍቶበታል። ትልቁ ልጅ ዛፉ ላይ ወጥቶ ትከሻው የሞላውን እየለየ ይጠራል፣ ትንሾቹ ከታች ይቀበላሉ። ባለሙያው እንዳሉት አንዱን ቆርጬ አየሁ፣ ዘሩ አጠገብ ቢጫ መትቷል። ሁለት ትልልቅ ቅርጫት ሞላን። ከጫፍ ያለው እንጨቱ ስላልደረሰበት ተትቷል። እናቴ «እሱ ለማታው እንግዳ ይሁን» አለች።

ቅጠሉንም አገላበጥኩት። ከአጥሩ በኩል ባሉት ሁለት ቅርንጫፎች ላይ ነጩ ዱቄት የተባለው ነገር አለ። ፎቶ አንስቻለሁ፣ ሰኞ የወረዳው ግብርና ዘንድ እወስደዋለሁ። ችግኝ አፍይ፣ እስከዚያ ቅርንጫፎቹን ልቁረጣቸው ወይስ ባለሙያው ሳያይ አልንካ? ካየህልኝ መልስልኝ።

ማንጎው አልጋ ሥር ጭድ ውስጥ ነው ያለው፣ መሐሉ ሙዝ አለበት። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ በሙሉ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። ጠዋት እናቴ አንዱን አውጥታ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችውና ቢላ አምጪ አለችኝ።

ችግኝ አፍይ

አትቁረጪ፣ ባለሙያው መጀመሪያ ይየው። የተቆረጠውን ይዞ መዞር ተባዩን ወደ ሌላ ዛፍ ሊያደርሰው ይችላል። ከዚያ ዛፍ ችግኝም ሆነ ቅጠል ለማንም አትስጪ። ሰኞ ስትሄጂ ፎቶው ብቻ ይበቃል።